ገጽ ፻፲፪

ከቦዩ ዳር ነው ክፍሌ፣ ላይፕዚግ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤
ድሮ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ዛሬም ወለሉ ሲሞቅ
ከስንጥቁ የቀለም ሽታ ይወጣል።
ጠረጴዛዬ ላይ ዲስኩ፣ ሠላሳ ዓመት ያረጀው፣
«የመጨረሻ እርማት» የሚል፣ ጽሑፉን ፀሐይ የፈጀው።

ስከፍተው አማርኛ የለም።
«ሀ» የዶላር ምልክት ሆኗል፣ «መ» ቅንፍ፣ «ሠ» ቁጥር ሰባት፤
«ጨረቃ» የሽቦ አጥር ናት፣ የጥያቄ ምልክት የተሰካባት።
ያኔ ፊደላችን የሰው ቤት ተከራይ ነበር፣
በላቲን ሆሄ አልጋ ላይ እግሩን አጥፎ የሚያድር፤
አከራዩ ፎንት ከዓለም ሲጠፋ
ተከራዩም ከነጓዙ ሜዳ ላይ ተደፋ።

ሰንጠረዥ ሠራሁ። እንደ እድር ጸሐፊ ስም እየጠራሁ
ግዕዙን፣ ካዕቡን፣ ሣልሱን በየቤቱ አስገባሁ።
«ጿ» ብቻ ጎደለች። ሦስት ቀን ፈልጌ አጣኋት፤
በአራተኛው «ጿሚ» ከሚል ቃል ራስ ላይ አወጣኋት፣
ኮከብ ምልክት መስላ፣
ጾሟን ውላ።

ከዚያ ገጽ ማፍረስ መጣ።
«እናቲቱ በሩን 87 ከፈተች» ይላል፤
የገጹ ቁጥር፣ ገጹ ሲፈርስበት፣ መሸሻ አጥቶ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቷል።
ማውጫው «ገጽ 203 ይመልከቱ» እያለ ይጠቁማል፤
እዚያ ማንም የለም፤ ጣቱ ግን እንደተቀሰረ ቀርቷል።
መጽሐፉ ከእንግዲህ ውኃ ነው፤ የያዘውን ዕቃ መልክ
ይይዛል፤ በታብሌት ይንጣለላል፣ ቀጠን ይላል በስልክ።

ታች የሚኖረው ሎታር፣ የዚሁ ሕንፃ የድሮ ፊደል ለቃሚ፣
«የጫማ ሰፊ ልጅ» ይለዋል ከግርጌ የቀረን መስመር፣ ለብቻው ቋሚ።
በትከሻዬ አጮልቆ «ገጹስ?» አለኝ። «ገጽ የለውም።»
ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።
በእሱ ቋንቋ ገጽ ማለት ጎን ነው፤ በእኛ ግን ፊት።
አንድ ጎኑን ያጣ በሌላው ይተኛል።
ፊቱን ያጣስ? አልነገርኩትም፣ ያን ሌሊት።

ማክሰኞ ወይዘሮ የወይንሐረግ ደወሉ፣ ከድሬስደን።
ደራሲው ባላቸው ነበር፤ ፊደሉን የለቀሙት እሳቸው፣
ወጥ ቤት ውስጥ፣ በተውሶ ኮምፒዩተር፣
እሱ ከጎን ተቀምጦ፣ በሳል እየተቋረጠ፣ ሲያነብላቸው።
«ሌላውን እንደፈለግህ አድርገው፤
ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ግን እንዳትነካብኝ።»

ከፈትኩት። ግማሹ ነጭ ነው።
ምዕራፉ አላለቀም፤ «ዝናቡም» ይልና ይቆማል፤
ከዚያ እስከ ግርጌው በረዶ፤
በማግስቱ ገጽ «አባራ» ብሎ ይቀጥላል።
አሳታሚው ስሕተት መስሎት ሁለት ጊዜ በቀይ ከብቧል፤
«ይቅር፣ እንዳለ» የሚል የሴት እጅ ጽሑፍ ሁለቴም መልሷል።

ፋይሉ ውስጥ ስገባ ባዶው ባዶ አይደለም።
አንዲቱን ቁልፍ፣ መስመር የምታዘልለውን፣
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተጭነዋል፣
አንድ ፊደል ሳይጽፉ፣
ከጎናቸው ማንበቡን ላቆመው ድምፅ።

ፕሮግራሙ በሥርዓት ጠየቀኝ፦
«አሥራ ዘጠኝ ባዶ አንቀጾች ተገኝተዋል። ይወገዱ?»
አንቀጽ በግዕዝ በር ነው።
አሥራ ዘጠኝ በር፣ ተራ በተራ የተከፈተ፣
ማንም ተመልሶ ያልገባበት።
«አይ» የሚለውን ተጫንኩ።

ስልክ ላይ ስሞክረው ግማሽ ገጹ ሙሉ መስኮት ሆነ፤
አንባቢ «ተበላሸ» ብሎ ያጉረመርም ይሆናል፣
ጣቱን ሁለቴ ሦስቴ ይጎትት ይሆናል።
ይጎትት።
ታች ሎታር ራዲዮኑን ዘጋ።
በቦዩ ላይ አንድ ጀልባ መብራቱን አጥፍቶ አለፈ፤
እኔ ገና «ዝናቡም» ላይ ነኝ።